ሁለት ወጣልኝ

ቤቱ ሲያንቀላፋ፣ ኤሲው ብቻ ሲያጉረመርም፣
ካርቶኔን እስባለሁ ካልጋዬ ሥር፣ ሳላሰማ ለማንም።
የዘይት ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት አገር ነው፣
በእስክሪብቶ ወንዝ አለው፣ በእርሳስ ተራራ አለው።
ሐምዳን ስልክ ሲገዛለት የጣላቸው ወታደሮች፣
ሠላሳ አንድ ፕላስቲክ፣ ሁለቱ እግር የሌላቸው ጀግኖች፤
የማዳም የጥፍር ቀለም ከጠርሙሱ ሥር የተረፈ፣
በክብሪት እንጨት ቀባኋቸው፤ ሮዝ ጦር ሻርጃ ላይ ተሰለፈ።

ጠላቴ ደማም ነው፣ ወደብ ላይ፣ ክሬን ነጂ፣
ዘርጋው ይባላል፤ መልኩን አላውቅም እንጂ
እጁን አውቀዋለሁ፦ «ለ»ን ወደ ግራ ያዘነብላታል፣
ሲቸኩል ነጥብ ይረሳል፣ ሲፈራ ቀልድ ያበዛል።
የሱ ጦር ብሎን ነው፣ ዝገት የጠጣ ብሎን፣
ትልቁ ዳዶ መድፍ፣ ትንሹ እግረኛ ሲሆን፤
ያው ካርታ፣ ያው ወንዝ፣ በሱም ክፍል አለ፣
እዚህ ያነሣሁት ጦር በሳምንቱ እዚያ ዋለ።

ደብዳቤያችን በሸምሱ ነው፣ በሐርቡው ልጅ፣
ሽንኩርት ጭኖ ሲሻገር ያድራል በኬላው ደጅ።
የቆሻሻ ከረጢት ይዤ በጓሮ በር ስወጣ፣
ከወንበሩ ሥር መዝዞ፦ «ጄኔራል! ጦርነት መጣ!»

መጀመሪያ የተቸገርነው በሉዶ ጠጠር ነበር።
ማን ያያል? እኔ ለብቻዬ፣ እሱ ለብቻው፣
ሌሊት፣ በተዘጋ በር።
ድልድዩን ለመያዝ አምስት ያስፈልገኝ ነበር፤ ወረወርኩ።
ትራሱ ላይ ተንከባለለ፣ ቆመ፤
አየሁ፤ ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁ።
ስድስት ብዬ ብጽፍ ምስክሩ ማነው?
ጻፍኩ፦ «ሁለት ወጣልኝ። ድልድዩ ያንተ ነው።»

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ፦
«እህቴ ይርገዱ፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመቴ ነው።
ሰዓቴን የሚመዘግበው ሰው አሥሩን ስምንት ይለዋል።
ሁለትን ሁለት ያለኝ ሰው ሳገኝ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።
ድልድዩን ልተውልሽ ብዬ ነበር፤
ግን ጨዋታው ይበላሻል። አልተውም።»

ሰንጠረዥ ያየሁት በልጅነቴ፣ አለቃ ጥበቡ ደጃፍ ነው።
ወረራ ላይ ተራ የለም፤ እጅ በእጅ ላይ እያለፈ
ሁሉም ያሻውን ይገፋል፣
የመጀመሪያው መደቅ እስኪበላ ድረስ።
እኛም እንደዚያው ሆንን። የሸምሱ መኪና ሲዘገይ
ደብዳቤ ደብዳቤን መንገድ ላይ ያልፈው ጀመር፤
እሱ ሰንሰለት ስለ ቀጠቀጠው ጣቱ፣
እኔ ስሜን ስለማታስታውሰው የማዳም እናት፣
በማታ በማታ «ማነሽ?» ስለምትለኝ።
ጦሩ ወንዙ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።
መብላት እየቻልን ሳንበላ ሁለት ወር አለፈ።

በረመዳን አጋማሽ፣ ከእቃ አጠባ በኋላ፣
ሳላስበው ስድስት።
ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ እውነቱን ጻፍኩ፣ መድፉን በላሁበት።

ቀጣዩ ደብዳቤ ከበደኝ፤
በሶፍት የተጠቀለለ ትልቅ ዳዶ አለበት።
ፈታሹ ኬላው ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎት፣
ሸምሱ በዚያ በስባሪ ዐረብኛው «ምርኮኛ!» ብሎት፣
ሰውየው ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ማኅተሙን ረስቶት፣
ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው አሉ የተመለሰለት።

«ለደማም ጦር አዛዥ፦
ምርኮኛህ ደኅና ነው። ዝገቱን በሎሚ አሸሁለት፤
መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ባሕር አይታይም ከዚህ፣
የጎረቤት ጄኔሬተር ነው የሚታየው፤ አላጉረመረመም።
ሸምሱ እኔም ልግባ ብሏል፤
የሰሜኑን ኮረብታ ብንለቅለት ምን ይመስልሃል?
ጦሩን በምስር ፍሬ እሠራለሁ ይላል፣ ቢርበው እንዳይበላው ብቻ።
ጣትህ ታጠፈ?
ተራው ያንተ ነው፤ አትቸኩል።
ወርውርና የወጣውን ጻፍልኝ።»